ወደ ተራራማው አገር፡ የአንድ ቀን መንፈሳዊ ጉዞ በጃጁራ ገጠሮች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የመስቀል በዓል አልፎ ሰማዩ ሲጠራና የገጠሩ መንገድ ሲደርቅ ሰንበት ትምህርት ቤቶች፣ የጽዋ ማኅበራትና ግቢ ጉባኤያት የአንድ ቀን ጉዞ ማስታወቂያ በየዐውደ ምሕረቱ ማስነገር ይጀምራሉ። ሌሊት ተነሥቶ በአውቶቡስ መሄድ፣ በማያውቁት አጥቢያ ማስቀደስ፣ ተራራ ወጥቶ ሀገር ማየት፣ ማታም እየዘመሩ መመለስ ለብዙዎቻችን የተለመደ ነው። ይህ ልማድ መልካም ነው። ከከተማ ግርግር ያሳርፋል፤ ወንድማማችነትን ያጸናል፤ የማናውቃቸውን አብያተ ክርስቲያናት ያሳውቀናል።

ነገር ግን ከጉዞው ስንመለስ በእጃችን የቀረው ምንድን ነው ብለን ብንጠይቅ ብዙ ጊዜ የምናገኘው ፎቶግራፍ ነው። ተራራውን አይተናል፤ በተራራው ሥር የሚኖረውን ሰው ግን አላየነውም። በመንደሩ አልፈናል፤ ከመንደሩ ሰው ጋር ግን አልተነጋገርንም። በዚህ ጽሑፍ ከሆሳዕና ከተማ ተነሥቶ በጃጁራና በአካባቢዋ ገጠሮች የሚደረግን የአንድ ቀን ጉዞ ምሳሌ አድርገን፣ እንዲህ ያለው ጉዞ ከሽርሽር አልፎ መንፈሳዊ የሚሆነው በምን እንደ ሆነ ለመግለጽ እንሞክራለን።

የጉዟችን አብነት

ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስ እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም የመልአኩን ብሥራት ከተቀበለች በኋላ ተነሥታ ወደ ተራራማው የይሁዳ አገር ፈጥና እንደ ሄደች ጽፎልናል (ሉቃ. 1፥39)። ወንጌሉ ስለ መንገዱ ርዝመት፣ ስለ ተራራው ውበት፣ በጉዞዋ ስላየችው ነገር ምንም አይነግረንም። የሚነግረን ወደ ዘካርያስ ቤት መግባቷን፣ ለኤልሳቤጥ ሰላምታ ማቅረቧን፣ ሦስት ወር ያህልም ከእርስዋ ጋር መቀመጧን ነው። የጉዞዋ ፍጻሜ ተራራው አልነበረም፤ በተራራማው አገር የምትኖር አንዲት አረጋዊት እናት ነበረች።

ከዚህ ሦስት ነገሮችን እንማራለን። አንደኛው፣ እመቤታችን የሄደችው ሰው ፍለጋ ነው። ሁለተኛው፣ የሰማይና የምድርን ፈጣሪ በማኅፀኗ የተሸከመች ሆና ሳለ አስቀድማ ሰላም ያለችው እርሷ ናት። እንግዳ ሆኖ የሚመጣ ሰው ሰላምታ እስኪቀርብለት አይጠብቅም፤ ቀድሞ ዝቅ ይላል። ሦስተኛው፣ ቶሎ አልተመለሰችም። እኛ አንድ ቀን ብቻ የምንጓዝ ሰዎች ሦስት ወር መቀመጥ ባንችል እንኳ፣ በደረስንበት ቦታ ጥቂት ቆይቶ ማዳመጥ አያቅተንም። ለአንድ ቀን ብለን ዐሥር ቦታ ከምንደርስ ሁለት ቦታ ደርሰን ብንቀመጥ ከእመቤታችን ጉዞ ጋር የሚመሳሰል ነገር ይኖረናል።

ሀገሩና ሕዝቡ

ሆሳዕና ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ የሐዲያ ዞን ዋና ከተማ ናት። የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም መጨረሻ ከተመሠረተ ወዲህም የክልሉ መቀመጫ ሆናለች። የቀድሞ ስሟ ዋቸሞ ሲሆን፣ ዛሬ የምትጠራበትን ስም በራስ አባተ ቧያለው ዘመን ከሆሳዕና በዓል እንዳገኘች ይነገራል። ስሟ ጌታችን በአህያ ውርንጫ ተቀምጦ ወደ ኢየሩሳሌም የገባበትን ዕለት ያስታውሳል። ከዚህች ከተማ ተነሥቶ ለሚጓዝ ምእመን ይህ ስም ተራ ነገር አይደለም፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ጃጁራ ከሆሳዕና በስተ ደቡብ ምዕራብ በሶሮ አካባቢ የምትገኝ ከተማ ናት። ምድሩ ደጋ ነው፤ ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ግን ወደ ግቤና ኦሞ ሸለቆ እያዘቀዘቀ ይወርዳል። በዚህም ምክንያት በመንገዱ ላይ ቆም ብለው ቢመለከቱ ዓይን የማይጨርሰው ሀገር የሚታይባቸው ከፍታዎች ጥቂት አይደሉም። በየቤቱ ጓሮ እንሰት ተተክሏል። እንሰት ተተክሎ ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል፤ ከደረሰ በኋላም ተፍቆ፣ በጕድጓድ ተቀብሮና ብላቱ ደርሶ ነው ቆጮና ቡላ የሚሆነው። ይህን ድካም በአብዛኛው የሚሸከሙት እናቶች ናቸው። የእንሰትን ጓሮ እንደ ጌጥ ብቻ የሚያይ መንገደኛ የብዙ ዓመት ትዕግሥት በፊቱ ቆሞ እንደ ሆነ አያውቅም።

የአካባቢው ሕዝብ የራሱ ቋንቋ ሐዲይሳ አለው። የዘመን መለወጫውን ያሆዴን በመስከረም ወር፣ በመስቀል ሰሞን ያከብራል፤ በዚያን ጊዜ ከሩቅ ያሉ ልጆች ወደ ወላጆቻቸው ቤት ይሰበሰባሉ። በዞኑ ከሚኖረው ሕዝብ አብዛኛው የፕሮቴስታንት እምነት ተከታይ ነው፤ ሙስሊሞችም አሉ፤ የኦርቶዶክሳውያን ቍጥር ከእነዚህ ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነው። ስለዚህ በዚህ አካባቢ የገጠር አጥቢያን የሚያገለግሉ ካህናትና ዲያቆናት፣ በጥቂት ምእመናን መካከል ቅዳሴው እንዳይታጎል፣ ጧፉ እንዳይጠፋ የሚደክሙ አባቶችና ወንድሞች ናቸው። በመቶ የሚቆጠር ነጠላ የለበሰ እንግዳ አንድ እሑድ በደጃቸው ሲቆም ምን ያህል ደስታ እንደሚሰማቸው መገመት አያዳግትም። አውቶቡሱ ሲመለስም ምን ያህል ጸጥታ እንደሚተካ እንዲሁ።

ከመሀል ሀገር የሚመጣ ተጓዥ ግን እምነትን ወደ እንግዳ ምድር ይዤ እሄዳለሁ ብሎ እንዳያስብ ታሪክን ማስታወስ ይገባዋል። በ15ኛውና በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቤተ ክርስቲያንና በመንግሥት ታሪክ ጐልታ የምትታየው ንግሥት እሌኒ የሐዲያ ገራድ ልጅ ነበረች። ዐፄ ልብነ ድንግል በልጅነታቸው ሲነግሡ ሀገርን በሞግዚትነት ያስተዳደረች፣ በጎጃም የመርጡለ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን ያሳነጸች፣ በመጻሕፍት ዕውቀቷም የተመሰገነች እናት ናት። ከዚህ ምድር የወጣች ሴት በሌላው የሀገራችን ጫፍ ቤተ ክርስቲያን ካነጸች፣ የሐዲያ ምድር ለቤተ ክርስቲያን ባለውለታ ነው እንጂ እንግዳ አይደለም ማለት ነው። ወደ ጃጁራ የምንሄደውም ወደ ዘመዶቻችን እንደምንሄድ አድርገን ነው።

የሚመራን ማን ነው?

በጉዞ ላይ መሪ ስንል ብዙ ጊዜ መንገድ የሚያውቅና ሰዓት የሚያስከብር ሰው እናስባለን። ይህ አስፈላጊ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። በግብረ ሐዋርያት የተጻፈው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዶ ሰግዶ የሚመለስ ተጓዥ ነበር። መንገዱን ያውቀዋል፤ ሠረገላም አለው፤ መጽሐፍም ያነባል። ሆኖም ወንጌላዊው ፊልጶስ የምታነበውን ታስተውለዋለህን ብሎ ሲጠይቀው፣ የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይቻለኛል ብሎ በትሕትና መለሰ፤ ወጥቶም ከጎኑ እንዲቀመጥ ለመነው (ሐዋ. 8፥30-31)። ባለ ሥልጣኑ በእግሩ የመጣውን መንገደኛ ከፍ አድርጎ ከአጠገቡ አስቀመጠ። የኢትዮጵያውያን ተጓዦች አባት ይህ ሰው ከሆነ፣ እኛም የምናየውን እንድናስተውል የሚመራንን ሰው መፈለግና በፊት ወንበር ማስቀመጥ ይገባናል።

በጃጁራ ገጠሮች ለሚደረግ ጉዞ የሚሻለው መሪ በዚያው አጥቢያ የሚያገለግል ወይም የሚያስቀድስ፣ አማርኛንም ሐዲይሳንም የሚችል ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው የትኛው መተላለፊያ የማን ማሳ እንደ ሆነ፣ በየትኛው ቤት ሐዘን እንዳለ፣ የትኛው ሽማግሌ ቀድሞ ሰላምታ ሊቀርብለት እንደሚገባ ያውቃል። ከከተማ ይዘነው የሄድነው አስተባባሪ ይህን ሁሉ ሊያውቅ አይችልም። አስተባባሪው መርሐ ግብሩን ይያዝ፤ የአጥቢያው ሰው ደግሞ ሰውን ከሰው ያገናኝ። ለደከመበትም ቀን ሙሉ ሥራውን ፈትቶ እንደዋለ ሰው በክብር ሊከፈለው ይገባል፤ መንፈሳዊ አገልግሎት ነው ብሎ በባዶ እጅ ማሰናበት ተገቢ አይደለም። ለሠራተኛ ደመወዙ እንዲገባው ያስተማረን ራሱ ጌታችን ነውና (ሉቃ. 10፥7)።

ከዚህም በፊት ጉዞው በሥርዓት መታወቅ አለበት። አንድ ማኅበር ወደ አንድ አጥቢያ ሲሄድ የቦታው ሰበካ ጉባኤና የወረዳው ቤተ ክህነት አስቀድመው ሊያውቁት ይገባል። ይህ የወረቀት ጣጣ ብቻ አይደለም። ስማቸውን የማናውቃቸው አዘጋጆች በመንፈሳዊ ጉዞ ስም ገንዘብ ሰብስበው ምእመናንን እንዳያጉላሉ የሚጠብቅ አጥር ነው፤ ለገጠሩ አጥቢያም ስንት እንግዳ እንደሚመጣ አውቆ እንዲዘጋጅ ጊዜ ይሰጠዋል።

የዕለቱ ሥርዓት

ከአዲስ አበባ የሚነሣ ሰው ጃጁራን በአንድ ቀን ደርሶ ልመለስ ማለቱ አያዋጣም። በቡታጅራና በወራቤ በኩል ሆሳዕና ደርሶ ማደር፣ የጉዞውንም ቀን ከሆሳዕና መጀመር ይሻላል። ደጋ ስለሆነ ሌሊቱና ማለዳው ይበርዳል፤ ጋቢ ወይም ወፍራም ልብስ መያዝ ያስፈልጋል። በክረምት ወራት የገጠሩ መንገድ ጭቃ ስለሚሆን ከመስቀል በኋላ ያለው ደረቅ ወቅት ለጉዞ ይመረጣል።

የቀኑ ምሰሶ ቅዳሴው ነው፤ ሌላው መርሐ ግብር በእርሱ ዙሪያ ይዘጋጃል። በእሑድና በበዓላት ቅዳሴ በማለዳ ስለሆነ ተጓዡ ኪዳን ሳይደርስ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር መገኘት አለበት። በዐቢይ ጾም የሥራ ቀናት ግን ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሚሆን የተራራው ጉዞ ቀድሞ፣ ቅዳሴው ቆይቶ ይሆናል። ይህን ሳያውቁ መርሐ ግብር የሚያወጡ አስተባባሪዎች ተጓዡን ወይ ከቅዳሴው መካከል ያስገቡታል፣ ወይም ሳያስቀድስ ይመልሱታል። ለቅዱስ ቍርባን የተዘጋጁ ምእመናን ካሉ ደግሞ ከ18 ሰዓት ያላነሰ ጾም ስላለባቸው፣ ከንስሐ አባታቸውም ጋር አስቀድመው ተነጋግረው የሚመጡ ስለሆኑ፣ ከቅዳሴ በፊት ረጅም አቀበት ማስወጣት አይገባም። አረጋውያንና ነፍሰ ጡር እናቶች በጉዞው ካሉም የእግር መንገዱ በእነርሱ ዐቅም ይለካል።

በቅዳሴ ጊዜ ስልክ ይዘጋል፤ ፎቶግራፍ አይነሣም። የአጥቢያው ካህናት ተቸግረውም ቢሆን እንግዳን ላለማሳዘን እሺ ሊሉ ስለሚችሉ፣ ንዋያተ ቅድሳትንና የብራና መጻሕፍትን አውጡልን፣ አሳዩን ብሎ መጠየቅ አይገባም። ከተለያዩ ገዳማትና አድባራት ቅርሶች እንደተሰረቁ እናውቃለን፤ የት ምን እንዳለ ለብዙ ሕዝብ ማሳየት ለአጥቢያው አደጋ ነው። ስጦታ የያዘ ሰው ጧፍ፣ ዕጣን፣ ዘቢብ ወይም መጋረጃ ቢያመጣ መልካም ነው፤ ገንዘብ ከሆነ በሰበካ ጉባኤው በኩል ሕጋዊ ደረሰኝ ተቀብሎ ይስጥ። በመንገድ ዳር ለሚሰበሰቡ ሕፃናት ከመኪና መስኮት ሳንቲምና ከረሜላ መወርወር ግን ልጆቹን ያዋርዳል፤ ከትምህርት ገበታቸውም እየተነሡ መኪና እንዲጠብቁ ያስለምዳቸዋል።

ስለ ማዕድም አንድ ነገር እንጨምር። የሐዲያ ሰው እንግዳ ሲመጣ ያለውን ያቀርባል። በፍስክ ቀን ከቡላ፣ ከቅቤና ከወተት የሚዘጋጀው አተካና የክብር ምግብ ነው። በጾም ቀን ከደረስን ግን ባለቤቶቹ ምን እናቅርብ ብለው እንዳይጨነቁ አስቀድሞ በመሪው በኩል ጾም መሆኑን ማስታወቅ ይገባል። ቆጮ በጎመን፣ የተቀቀለ አሚቾም ለጾመኛ ተጓዥ የሚበቃ ማዕድ ነው። ጋባዡ የሌላ እምነት ተከታይ ቢሆንም እንኳ ጾማችንን በትሕትና እንግለጽ፤ ፊታችንን አጥቁረን፣ የቀረበልንን ገፍተን አይሁን። የምንጾመው ሰውን ለመናቅ አይደለምና። ስንቅ ይዘን ከሄድንም የውኃ መያዣ ላስቲኩን፣ ፌስታሉን ሰብስበን እንመለስ፤ እኛ ለአንድ ቀን ያየነው ሜዳ ለባለቤቱ የከብቶቹ ግጦሽ ነው።

ከከፍታው ላይ ስንቆም

ከቅዳሴና ከማዕድ በኋላ ተጓዦች ሁሉ የሚጠብቁት ሰዓት ይመጣል፤ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ቆሞ ሀገር ማየት። በከምባታ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የሐምበሪቾን ተራራ ለሚወጡ ጎብኚዎች 777 ደረጃዎች ተሠርተዋል፤ በዚህም ተራራ መውጣት በአካባቢው እንደ ሥራ፣ እንደ ገቢ ምንጭም መታየት ጀምሯል። ይህ ለአካባቢው ሕዝብ እንጀራ የሚሆን ከሆነ ደስ ያሰኛል። ክርስቲያን ግን ከከፍታ ላይ ሲቆም ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው ነገር አለ፦ የማየው በማን ዓይን ነው?

ቅዱሳት መጻሕፍት ከከፍታ ላይ ስለተደረጉ ልዩ ልዩ እይታዎች ይነግሩናል። ሎጥ ዓይኑን አንሥቶ የዮርዳኖስን አገር ውኃ የሞላበት መሆኑን አየና ለራሱ መረጠ (ዘፍ. 13፥10-11)። በዚያ ሜዳ የሚኖሩት ሰዎች እነማን እንደ ሆኑ አልጠየቀም፤ ያየው ለምለሙን ብቻ ነው። በገዳመ ቆሮንቶስ ጾሙ ጊዜ ፈታኙ ጌታችንን እጅግ ረጅም ወደ ሆነ ተራራ አውጥቶ የዓለምን መንግሥታትና ክብራቸውን አሳየው (ማቴ. 4፥8)። በዚህ እይታ ውስጥ ሀገር ሁሉ የሚያዝ፣ የሚገዛ ዕቃ ነው። ሊቀ ነቢያት ሙሴ ደግሞ በናባው ተራራ ቆሞ የተስፋይቱን ምድር አየ፤ ግን አልገባባትም (ዘዳ. 34፥1-4)። ለራሱ ያልሆነውን፣ ለሌሎች የተሰጠውን ምድር በደስታ ማየት የቻለ ዓይን ነበረው።

አራተኛው እይታ ግን ከሁሉ ይበልጣል። ጌታችን በሆሳዕና ዕለት ከደብረ ዘይት ቍልቍለት ሲወርድ፣ ሕዝቡ ዘንባባ ይዞ ልብሱንም አንጥፎ እያመሰገነው ሳለ፣ ከተማይቱን አይቶ አለቀሰላት (ሉቃ. 19፥37-41)። ኢየሩሳሌም ከደብረ ዘይት ስትታይ እጅግ ያማረች ከተማ ነበረች። ያዩት ሁሉ የሚደነቁበትን ውበት እርሱ ፈጣሪዋ ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም። እርሱ ግን ከግንቡ በስተጀርባ ያሉትን ሕፃናት፣ እናቶች፣ የሚመጣባቸውንም መከራ አየ። ከከፍታ ላይ ቆሞ ሀገርን የማየት ፍጹም ምሳሌ ይህ ነው፤ ውበቱን እያዩ በውበቱ ውስጥ ለሚኖረው ሰው ማዘን።

እንግዲህ ሆሳዕና ከተባለች ከተማ ተነሥቶ ወደ ጃጁራ ከፍታዎች የሚወጣ ተጓዥ ይህን ዓይን ይዞ ካልወጣ የከተማይቱን ስም ተሸክሞ ትርጕሙን ትቶ ሄደ ማለት ነው። በከፍታው ላይ ስንደርስ ቀድመን ስልካችንን ከምናወጣ ጥቂት ደቂቃ በጸጥታ እንቁም። ነቢዩ ዳዊት ዓይኖቹን ወደ ተራሮች ካነሣ በኋላ ረድኤቱ ሰማይንና ምድርን ከሠራው ከእግዚአብሔር ዘንድ እንደ ሆነ ተናግሯልና (መዝ. 120፥1-2) መዝሙረ ዳዊቱን እንድገም። ከዚያም መሪያችን ከታች የሚታዩትን መንደሮች በየስማቸው ይንገረን፤ እኛም በየስማቸው አንሥተን አቡነ ዘበሰማያት እንድገምላቸው።

ከቆርቆሮው ጣሪያ በታች

ከከፍታው ላይ ሆነን ስናይ ከእንሰቱ መካከል በፀሐይ የሚያብለጨልጩ አዳዲስ የቆርቆሮ ጣሪያዎች ይታያሉ። የሩቅ ሰው ልማት ነው ብሎ ያልፋል፤ እውነትም ልማት ነው። የአካባቢው ሰው ግን ከእነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ ከደቡብ አፍሪካ በተላከ ገንዘብ እንደተሠሩ ያውቃል። ባለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት ከሐዲያና ከከምባታ እጅግ ብዙ ወጣቶች በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሰደዋል። የተሳካላቸው ሠርተው ወላጆቻቸውን ጦረዋል፤ ቤት ሠርተዋል፤ ወንድሞቻቸውን አስተምረዋል። በመንገድ የቀሩትም ብዙዎች ናቸው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት በጭነት መኪና ላይ በነበረ ኮንቴይነር ውስጥ 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን እንደሆኑም ተነገረ። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም ደግሞ በዛምቢያ ዋና ከተማ በሉሳካ አቅራቢያ የ27 ሰዎች አስከሬን ተጥሎ ተገኝቷል፤ እነርሱም ኢትዮጵያውያን ስደተኞች እንደሆኑ የዚያች ሀገር ፖሊስ ገልጿል። የእነዚህ ሰዎች ሁሉ እናቶች በሀገራችን በአንዱ መንደር አሉ።

የእኛ ጉዞ ማለዳ ተነሥቶ ማታ የሚመለስ ጉዞ ነው። በአጠገቡ ግን መነሻው እንጂ መመለሻው የማይታወቅ ሌላ ጉዞ አለ። አንዲት እናት በደጇ ቆማ የእኛን አውቶቡስ ስታይ ወጣቶቹ እየዘመሩ ሲወርዱ ብትመለከት የምታስበው ስለ ማን እንደ ሆነ ልብ ልንል ይገባል። ቤትሽ ያምራል ብለን ብናደንቅ የቤቱን ዋጋ የምታውቀው እርሷ ናት። ስለዚህ ከማድነቃችን በፊት እንዴት ነሽ እናቴ፣ ልጆችሽ ደኅና ናቸው ወይ ብለን እንጠይቅ። ስትናገር እንስማ፤ ስታለቅስ አንቸኩል። መልስ ወይም መፍትሔ እንድናመጣ አትጠብቅብንም። የልጇን የክርስትና ስም ብትነግረን ግን ተቀብለን ለካህኑ እንስጥ፤ በጸሎተ ቅዳሴ እንዲታሰብ እናድርግ። የሌላ እምነት ተከታይ ብትሆንም የእናት ልብ አንድ ነው፤ ማዳመጥንና መጽናናትን ከእኛ ልታገኝ ይገባታል። እመቤታችን ወደ ተራራማው አገር የሄደችበት ምክንያት በዘመናችን እንዲህ ይፈጸማል።

ከተመለስን በኋላ

ማታ ወደ ሆሳዕና ስንመለስ ድካም ይሰማናል፤ ጉዞውም ያለቀ ይመስለናል። መንፈሳዊው ጉዞ የሚመዘነው ግን በሚቀጥለው ወር በሚሆነው ነው። በደረስንበት አጥቢያ ያየነውን ጉድለት በጽሑፍ ይዘን፣ ከሰበካ ጉባኤው ጋር ተመካክረን አንዱን ብቻ እንኳ መያዝ እንችላለን። አንድ ማኅበር በዓመት አምስት ቦታ ከሚጓዝ አምስት ዓመት ወደ አንድ አጥቢያ ቢመላለስ ፍሬው ይበልጣል። ስማቸውን እንለምዳለን፤ ልጆቻቸው ሲያድጉ እናያለን፤ እነርሱም መጡ ብለው ብቻ ሳይሆን ተመለሱ ብለው ይቀበሉናል።

በተለይ ሁለት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባል። የመጀመሪያው ቋንቋ ነው። በበዓለ ሃምሳ መንፈስ ቅዱስ ሲወርድ በኢየሩሳሌም የተሰበሰቡት ሁሉ የእግዚአብሔርን ሥራ እያንዳንዳቸው በተወለዱበት ቋንቋ ሰምተዋል (ሐዋ. 2፥8-11)። በሐዲይሳ የሚያስተምሩ፣ ንስሐ የሚቀበሉ፣ ሕፃናትን የሚኰተኵቱ የአካባቢው ተወላጅ ካህናትና መምህራን እንዲበዙ፣ ወጣቶቹ በአብነት ትምህርት ቤትና በመንፈሳዊ ኮሌጅ እንዲማሩ ማገዝ ከብዙ መጋረጃና ምንጣፍ ይበልጣል። ሁለተኛው የወጣቶቹ ተስፋ ነው። ለስደት የሚዘጋጅ ወጣት የሚያማክረው መካሪ፣ የሚለምደው ሙያ፣ የሚሰማው ወንድም ሊኖረው ይገባል። በከተማ ያለን ምእመናን ከእነዚህ ወጣቶች አንዱን ሙያ ብናስተምር ወይም ሥራ ብናገናኝ፣ በከፍታው ላይ የደገምነው ጸሎት በሥራ ይፈጸማል። በስደት ላሉትም በደቡብ አፍሪካ ያሉ አብያተ ክርስቲያናት እንዲያገኟቸው ስማቸውን ማስተላለፍ ትንሽ የምትመስል ትልቅ አገልግሎት ናት።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ እግዚአብሔር ተራሮችን የፈጠረው እንድንደነቅባቸው ነውና ማየትና መደነቅ ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን ወደ ተራራማው አገር ስንወጣ እንደ እመቤታችን ሰላምታን አስቀድመን፣ እንደ ጃንደረባው የሚመራንን ከጎናችን አስቀምጠን፣ ከከፍታውም ላይ ስንቆም በሆሳዕና ዕለት ከደብረ ዘይት እንደ ተመለከተው እንደ ጌታችን ባለ ርኅራኄ እንመልከት። እንዲህ ከሆነ አውቶቡሳችን ሲነሣ በጃጁራ ደጆች የሚቀረው አቧራ ብቻ አይሆንም።

በየመንገዱ ያሉትን፣ በስደት የተበተኑትን፣ ልጆቻቸውንም የሚጠብቁትን እናቶች እግዚአብሔር በቸርነቱ ያስብልን። የእመቤታችን አማላጅነት፣ የቅዱሳን ጸሎት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።